አራተኛ ፎቅ የወጣ ሱቅ

ስልክ አልወድም። ድሮም አልወድም ነበር፣ አሁንም ያን ያህል አልወደውም። ግን በዓይኔ ያየሁትን አላየሁም የምል ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ እጄን ሲሚንቶ ከበላው በኋላ። መስመሩ ቢጣመም አንባቢ ይታገሠኝ። የግንብ መስመር ግን ተጣሞብኝ አያውቅም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነበርኩ።

የምጽፈው ስለ ባለቤቴና ስለ ፋሲካ ልብስ ነው።

ባለቤቴ አራት የክርስትና ልጆች አሏት፤ አራቱም ሴቶች፣ አራቱም የድሮ ሰፈራችን ልጆች ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤት ሁሉ በየፊናው ተበተነ። እኛ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። ልጆቹ ግን የትም ይኑሩ የት ለፋሲካ ይመጣሉ። እሷም ለእያንዳንዳቸው ልብስ አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። ክርስትና ካነሳቻቸው ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ አቋርጣ አታውቅም። ሥራ አጥቼ እቤት የዋልኩበት ዓመት ነበር፤ ያን ዓመት የራሷን ቀሚስ ፈትታ ለሁለት ልጅ ሰፋችው። የስፌት መኪና ላይ ያረጀች ሴት ናት፣ ጨርቅ ታውቃለች።

ልብሱ የሚገዛው እዚሁ አጠገባችን፣ አብነት ሰፈር ነበር። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ትጀምራለች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ መሃል ታሻለች። ስፌቱን ትገለብጣለች። ወደ በር ይዛ ትወጣና በፀሐይ ታየዋለች። ከዚያ አስቀምጣው ትሄዳለች። በማግስቱ ተመልሳ ያንኑ ታነሳለች። ባለሱቁ ሐጂ ነው። በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ እዚያው አብነት ሱቅ ውስጥ የሸበተ፣ የዕድሜ እኩያዬ። ከሐጅ ሲመለስ ለክብሩ ብዬ አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር። "ጤና የለህም እንዴ?" አለኝ። ተውኩት።

"ባለቤትህ ስትመጣ" ይለኝ ነበር ሐጂ፣ "ግብር ሰብሳቢ የመጣ ነው የሚመስለኝ። ጨርቄ ሁሉ ይደነግጣል።"

ገዝታ ስትጨርስ ደግሞ "በል መርቅልኝ" ትለዋለች። የኛ ዘመን ሰው ገዝቶ ሲጨርስ ሳይመረቅለት ከሱቅ አይወጣም። ሐጂም አንድ መሐረብ፣ ወይ አንድ ጥንድ ካልሲ ከላይ ጣል ያደርግላታል። ሁለቱም ያሸነፉ ያህል ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

አምና ኅዳር ላይ ወደቀች። ቧንቧው ደርቆ ስለነበር ሰው ሁሉ በጀሪካን ውሃ ያወጣል፤ ደረጃው ላይ የፈሰሰ ነበር። ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ሠሩላት፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አሁን በብረት መደገፊያ እቤት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ደረጃ ግን አይታሰብም። ደረጃው ስልሳ ስምንት ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ግንበኛ ደረጃ ሳይቆጥር አይወጣም። ሊፍት የለንም። ስለዚህ ከኅዳር ወዲህ የሷ ልደታም፣ የሷ አብነትም መስኮቱ ሆነ።

የአምናው ፋሲካ ሲቃረብ "እንግዲህ አንተ ሂድ" አለችኝ። ከአልጋዋ ሆና ለእያንዳንዷ ልጅ ነገረችኝ፤ ቀለሙን፣ አንገቱን፣ እጅጌውን። እኔ ኮፍያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ገባህ?"

"ገብቶኛል።"

"እስቲ ድገመው።"

"ሴትዮ፣ ግድግዳ በዓይኔ ለክቼ የምሠራ ሰው አራት ቀሚስ ያቅተኛል?"

አቃተኝ። ሐጂ ሱቅ ስደርስ ከነገረችኝ ሁሉ የቀረኝ አራት የሚለው ቁጥር ብቻ ነበር።

"ልካቸውስ?" አለኝ ሐጂ።

እጄን ከመሬት ከፍ እያደረግሁ "ትልቋ እዚህ ናት፣ ሁለቱ እዚህ፣ ትንሿ እዚህ" አልኩት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ምን ከመቼ ጀምሮ?"

"እዚህ የሆነችው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ትሸጣለህ አትሸጥም?"

ሸጠልኝ። አራት ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ጉዳዬን በግማሽ ሰዓት ጨርሼ ወጣሁ፤ እሷ ሁለት ሳምንት የምትፈጅበትን። ስመለስ ደረጃውን ሳላርፍ ነው የወጣሁት፣ ኩራት ስለነበረብኝ።

የፋሲካ ዕለት ልጆቹ ለብሰውት ወጡ። ትንሿ ላይ ወደ መሬት ይጎተታል። ሁለቱ መካከለኞቹ እርስ በርስ እየተያዩ አፋቸውን ይይዛሉ፤ መንታ መስለዋል። ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በዚያ ዓመት ሸንበቆ ሆና ተመዝዛለች፤ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ አልደረሰም። ከላይ የወንድሟን ጃኬት ደርባ "በረደኝ" አለች። በሚያዝያ ፀሐይ! ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና አየቻት። በልተው፣ ተሳስመው፣ ወርደው ሲያበቁ ግን እንዲህ አለችኝ፤

"ዘንድሮ እኔ አልሰጠሁም።"

"እንዴት አልሰጠሽም? አራት ቀሚስ!"

"አንተ ሰጠህ። እኔ ተኝቼ አየሁ።"

እኔ ደንቆሮ ሰው ነኝ፣ የዚያን ቀን ተቀየምኳት። ደክሜ ገዝቼ፣ ደረጃ ወጥቼ፣ ምስጋና የለም ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ነገሩ የገባኝ ክረምት ላይ ነው። ከልጆቹ አንዷ ደውላ ስታወራት ሰምቼ "ለከርሞ ፋሲካ ምን ይሆን የምታለብሻቸው?" አልኳት፣ ለጨዋታ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ለከርሞ አይምጡ በላቸው። እጄን አጣጥፌ አልጠብቃቸውም" አለች። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያቺ ሴት ዳሌዋ ሲሰበር አላለቀሰችም። የመስጠቷ ነገር ሲሰበር ግን ልጆቹን ላለማየት ቆረጠች።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ልጃችን መጣች። አንድ ልጅ ናት ያለችን፣ ከከተማው ዳር ትኖራለች። የራሷን አሮጌ ተች ስልክ ይዛ መጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ሱቅ አመጣሁልሽ።"

"ሱቅ እግር አወጣ እንዴ?" አልኩ እኔ።

"አዎ አባዬ፣ እግር አወጣ። ያሳዩሻል፣ ትመርጪያለሽ፣ እቤት ድረስ ያመጡልሻል።"

ያን ቀን ብዙ ተናገርኩ። ጨርቅ በመስታወት ይዳሰሳል ወይ? ቀለሙ ይታመናል ወይ? ዓይን ዓይኑን ካላየኸው ሰው ይገዛል ወይ? ደግሞስ ሐጂን ምን ልለው ነው? በሱቁ በር ሳልፍ ፊቴን በምን ልሸፍን?

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ "ሐጂን ጥራልኛ" አለች። "ሱቁን ተሸክሞ ይምጣ፣ ከሱ እገዛለሁ።"

 ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ፤ አምኜ ግን አይደለም።

ሦስት ቀን ታገለችው። ጣቷ በመርፌ የደነደነ ነው፣ ስልኩ አይሰማላትም። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታችን ጋ ደውላ፣ ሳታውቅ፣ "ቀዩን ወዲህ አምጪው" ብላቸዋለች። በአራተኛው ቀን ግን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እንደ መዝሙረ ዳዊት ስትገልጠው አየኋት። ከታች ወደ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ። ቀሚስ ያልፋል፣ ጫማ ያልፋል፣ እንደገና ቀሚስ። ዓይኗ ያው የሐጂ ሱቅ ውስጥ የነበረው ዓይን ነው። ያን ዓይን ከአምና ኅዳር ወዲህ አላየሁትም ነበር።

"ይሄ ምን ይላል?" አለችኝ አንድ ቀን። ማንበብ እኔ እሻላታለሁ፣ በጥቂቱ።

ሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቀምኩት። "ዋጋ... በውስጥ... መስመር።"

"የምን ውስጥ መስመር?"

"የቧንቧ ሳይሆን አይቀርም" አልኳት።

ልጃችንን ደውለን ስንጠይቃት በሳቅ ሞተች። ዋጋውን ለብቻሽ ላኪና ጠይቂያቸው ማለት ነው አለች። ባለቤቴ መጻፍ ስለማትችል በድምፅ ላከች፤ "ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ? ለመሆኑ ዋጋው በአደባባይ የማይነገር ምን ዓይነት ዕቃ ነው? የሌባ ነው እንዴ?"

ያቺ ባለሱቅ ዘጋችን። ሁለተኛዋም መልስ አልሰጠችም። ሦስተኛዋ ግን መለሰች፣ በሚያስቅ ቀጭን ድምፅ፤ "እማማ፣ የሌባ አይደለም፣ የኔ ነው።" ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ "ከዚህች ጋር እንነጋገራለን" አለች።

እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን ከፍቼ የቀረሁት። ባለቤቴ ጨርቁን መዳሰስ ባትችል ልታደምጠው ፈለገች። ልጅቷን እንዲህ አለቻት፤ "ልጄ፣ ያንን አረንጓዴውን በእጅሽ ጨምድጂና ከስልኩ አስጠግተሽ ድምፁን ላኪልኝ።"

ልጅቷ ምን መስሏት እንደሆነ አላውቅም፣ ላከች። ስልኩ ውስጥ ሻሽሽ አለ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

"ይሄ ናይለን ነው። ጥጥ ብለሽ ጽፈሻል፤ ጽሑፉን አርሚ። ቀጥሎ ያለውን ጨምድጂልኝ።"

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። "እማማ፣ እንዴት አወቁ? እኔም ጥጥ ነው ተብዬ ነው የተሸጠልኝ።"

"አታለውሻል። ቀጥሎ ያለውን ጨምድጂልኝ።"

ቀጥሎ ያለው እምብዛም ድምፅ አልነበረውም። "ይሄ ጥጥ አለበት" አለች። ከዚያ መስኮት ላይ አስይዛ አስቀረጸቻት፣ ስፌቱን አስገለበጠቻት፣ ቁልፉን አስጎተተቻት። ያቺ ልጅ የባለቤቴ እጅ ሆነች። እኔ አብሬያት አርባ ምናምን ዓመት ስኖር ጨርቅ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ድንጋይ ድምፅ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጥሩ ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። እሷ ግን እኔን ስለ ድንጋይ ጠይቃኝ ታውቃለች፤ እኔ ስለ ጨርቅ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ልኩስ? ልኩን ደግሞ እንዴት እንዳመጣችው ልንገራችሁ። ልጆቹን "ናፍቃችሁኛል" እያለች አንድ በአንድ አስጠራቻቸው፣ ሆሳዕና ሳይገባ። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ ከዚያ በፊት መሆን ነበረበት። እያንዳንዷ ስትመጣ አልጋው ላይ አስቀምጣ ጥብቅ አድርጋ ታቅፋታለች። ስታቅፍ እጇ ጀርባቸው ላይ ይሄዳል፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ ከዚያ በጣት። ከትከሻ ትከሻ፣ ከትከሻ ወገብ። ከወገብ በታች ያለውን ደግሞ ሲቆሙ በዓይኗ ትለካለች። ልጆቹ ፍቅር መስሏቸዋል። ፍቅርም ነው፣ ግን ልኬትም ነበር። ስማ ስታበቃ እኔ ወዳለሁበት ኩሽና ዞራ "ሁለት ከሦስት ጣት፣ ያዝልኝ" ትለኛለች በሹክሹክታ። እኔ በእርሳስ በደብተር እጽፋለሁ። ሳላስበው ጸሐፊዋ ሆኜ ነበር።

ለባለሱቋ "ትከሻዋ ሁለት ስንዝር ከሦስት ጣት ነው" ብላ ስትልክላት ግን ልጅቷ ግራ ገባት።

"እማማ፣ በሴንቲ ይንገሩኝ።"

ባለቤቴ ስልኩን አስቀምጣ አየችኝ። ተነስቼ ከአልጋው ሥር የሥራ ሻንጣዬን ጎተትኩና ሜትሬን አወጣሁ። አውራ ጣቷንና መሃል ጣቷን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ለካሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ። ሦስቱን ጣት ለካሁ፤ አምስት። እኔም ሜትሩን እያስጠጋሁ "አታንቀሳቅሺው" እያልኩ እቆጣለሁ። ያን ቀን ሁሉንም ወደ ሴንቲ ስንቀይር ዋልን። ምሳ እንኳ ረሳን፣ ጾም ስለነበር ብዙም አላሳጣን።

የተጣላነው በትልቋ ልጅ ነው። ለትንሾቹ ቀሚስ መርጣ ስታበቃ፣ ለትልቋ ሱሪና ኮት መረጠች። ደማቅ ሰማያዊ፣ ሙሉ ልብስ፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ።

"ለፋሲካ ሱሪ?" ብዬ ጮህኩ። "ለሴት ልጅ? በክርስትና እናቷ እጅ?"

"ይህችን ልጅ ቀሚስ ለብሳ ስትስቅ አይተሃት ታውቃለህ?"

አሰብኩ። አሰብኩና አሰብኩ። አላየሁም።

"እኔም አላየሁም" አለች። "እስከ ዛሬ ቀሚስ ያለበስኳት እኔ ነኝ። አምና አንተ ስትገዛ ከአልጋ ላይ ሆኜ ሳያት ነው የገባኝ፣ ቀሚሱ ማጠሩ ብቻ አይደለም የሚያሳፍራት። እኔም ስገዛላት ያው ፊቷ ነበር፤ በጨርቁ ስኩራራ ፊቷን አላይም ነበር።"

እኔ ብሆን ይህን ለማንም አልናገርም። እሷ ግን የራሷን ጥፋት እንደ ጠማማ ስፌት ገልብጣ አየችው፣ ፈታችው፣ ሌላ ሰፋች። ደብተሬን ዘግቼ "በይ እዘዢ" አልኳት።

አዘዘች። አዝዛ ስታበቃ ልማዷ ነውና በድምፅ እንዲህ ብላ ላከች፤ "በይ እንግዲህ ልጄ፣ አራት ልብስ ወሰድኩብሽ፣ ሳትመርቂልኝ ልንለያይ ነው?"

 ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ፣ እየተንተባተበ።

"እማማ፣ እኔ? እኔ እንዴት እመርቅዎታለሁ? እርስዎ ነዎት እንጂ... እሺ፣ እንግዲህ... እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ክፉ አይንካዎት። አሜን ይበሉ።"

ባለቤቴ መጀመሪያ ፈዘዘች። ከዚያ ሳቀች። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዳሌዋን በሁለት እጇ ይዛ "አሞኛል፣ አታስቁኝ" እያለች ሳቀች። ያቺ የዛሬ ልጅ፣ መመረቅ ማለት ለሷ የሽማግሌ ቡራኬ ብቻ ነው፤ ከገዛኸው ላይ ጣል የሚደረግ ነገር እንደሆነ ማን ይንገራት? የምትሸጠው ሱቅ በር የለውም፣ ሚዛን የለውም። ባለቤቴ ሳቋ ሲበርድ "አሜን" ብላ ላከችላት። ቀጥላም "አንዴ ከመረቅሽኝማ ተራው የኔ ነው" ብላ እሷም መረቀቻት። "የዘረጋሽው ጨርቅ ገዢ አይጣ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ የሚያታልልሽ ሰው እጁ ይታሰር፣ ሸጠሽ ለራስሽም የምትለብሺው አይጥፋ..." እያለች ትንፋሽ እስኪያጥራት ሄደች። ስልኩ ራሱ መሃል ላይ ዘጋባትና እንደገና ቀጠለች።

በማግስቱ ልጅቷ ላከች። ምርቃቱን ለእናቷ አሰምታት ኖሯል። እናትየው ሰምታ አልቅሳ፣ ከዚያ ደግሞ "አንቺ ቂል፣ ሴትዮዋ እኮ ጭማሪ ነው የጠየቀችሽ" አለቻት አሉ። ዕቃው ሲመጣ አራት የፀጉር ማስያዣ ተጨምሮበት ነበር።

ያመጣው ሞተረኛ ጢሙ የሸበተ፣ ትልቅ ሰው ነው። ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ሄልሜቱን ታቅፎ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ መናገር አልቻለም። ባለቤቴ ወንበር አስቀረበችለት፣ ውሃ አስቀዳችለት፣ ከዚያ ከረጢቱን ፈታ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረች። ሰውየው ሰዓቱን ያያል።

"እማማ፣ ሌላው ሰው እኮ በር ላይ ነው የሚቀበለኝ።"

"ሌላው ሰው ጋ ሂዳ ታዲያ!"

ሳቀና ተቀመጠ። ከአራቱ አንዱ፣ ከመካከለኞቹ የአንዷ ቀሚስ፣ ብብቱ ላይ ስፌቱ ሾልኮ ነበር። እኔ ብሆን አላየውም። አጣጥፋ መለሰችው። "ለልጅቷ በላት፣ ያስቀየመችኝ እንዳይመስላት። እሷ አልሰፋችውም። ግን በዚህ ልብስ ልጄ ክንዷን ብታነሳ ይቀደዳል።" ከሁለት ቀን በኋላ ያው ሰውዬ ሌላ ይዞ ያንኑ ደረጃ ወጣ። ወንበሩን ሳይጠየቅ ራሱ ስቦ ተቀመጠና "ይመርምሩ" አላት።

የቀረኝ ሐጂ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አብነትን በሌላ መንገድ ዞርኩት፤ በዕድሜዬ ከሰው ተደብቄ አላውቅም፣ አስጠላኝ። የሕማማት ረቡዕ ዕለት ቀጥ ብዬ ገባሁበት። እንደወትሮው ሊያቅፈኝ ብድግ አለ፣ ከዚያ ሳምንቱ ትዝ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ። ከኔ በላይ ጾማችንን ያውቃል።

"ግንበኛው! ዘንድሮ ዘገየህ" አለኝ። እጁን ወደ መደርደሪያው ሰዶ አራት ቀሚስ አወረደ። አራቱም የተለያየ ቀለም፣ የተለያየ ልክ። "ለይቼ አስቀምጬልሃለሁ። አምና ሁሉንም አንድ ዓይነት ስትወስድ ዝም ማለቴ ሲቆጨኝ ከርሟል።"

 እኔ አዙሬ መናገር አላውቅበትም።

"ሐጂ፣ ዘንድሮ ከአንተ አልገዛም። በስልክ ገዝተናል።"

እጁን ከጨርቁ ላይ አነሳ። ቀሚሶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

"ልጅህ ናት የመረጠችው?"

"ራሷ ናት።"

"ራሷ? ከአልጋ ላይ?"

ነገርኩት። የሻሽታውን ነገር፣ የስንዝሩን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ አፉ ቀስ በቀስ ተከፈተ።

"በድምፅ ለየችው?"

"በድምፅ።"

"ወላሂ፣ ይህን ለማንም አታውራ" አለኝ። "ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል።" ከዚያ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አጥፎ ወደ መደርደሪያው መለሳቸው። አጣጠፉ ቀስ ያለ ነበር። "ምን ላድርግ፣ የኔ ሱቅ ደረጃ አይወጣ። ራሷ ከመረጠች ቅር አይለኝም። አንተ መርጠህ ቢሆን ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር።"

አልዋሽም፤ ቅር ብሎታል። ሱቁም እንደ ድሮው ሰው አልሞላበትም ነበር። ይህን የምጽፈው ለስልክ ጥብቅና ልቆም አይደለም። ሐጂ ቅር ማለቱ እውነት ነው፣ ባለቤቴ መስጠቷም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር አላገኘሁም፣ ያገኘ ሰው ይጻፈው። እኔ ለራሴ የማያስፈልገኝን ሸሚዝ ገዝቼ ወጣሁ።

የፋሲካ ዕለት ባለቤቴ አልጋ ላይ አልጠበቀቻቸውም። ከማለዳ ጀምሮ ለብሳ፣ በሩ ትይዩ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አራቱን ጥቅል ጭኗ ላይ ደርድራ ነበር። ልጆቹ እየተሳሳቁ ደረጃውን ሲወጡ ይሰማናል። ሲገቡ እያንዳንዷን በየተራ ጠርታ በገዛ እጇ ሰጠቻት። ትንሿ ቢጫውን እላይዋ ላይ ለክታ መሽከርከር ጀመረች። ሁለቱ መካከለኞቹ የየራሳቸውን አይተው "የኔ ይበልጣል"፣ "ዞር በይ፣ የኔ ነው የሚበልጠው" ተባባሉ። መንታ የሚመስል ነገር አልነበራቸውም።

ትልቋ ጥቅሏን ቀስ ብላ ፈታች። ሱሪው ሲታይ እጇ ቆመ። ቀና ብላ ባለቤቴን አየች፣ እንደገና ልብሱን አየች፣ ከዚያ ይዛው ወደ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ቆየች። ባለቤቴ የወንበሩን እጀታ ይዛ በሩን ታያለች። እኔ የተናገርኩት ሁሉ ትዝ ብሎኝ መሬት መሬት አያለሁ። "ጠበባት እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ። በዚያ ደቂቃ አንድ ዓመት ሙሉ ያበጠው ነገር ሁሉ ፊቷ ላይ ነበር። ያቺ ልጅ "በረደኝ" ብላ ብትወጣ፣ ለሚመጣው ዓመት በራችንን ማንም አያንኳኳም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ኮቱንም ሱሪውንም ለብሳ ወጣች። ትከሻው ልክ ነው፣ እግሩ ልክ ነው። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። ልጅቷን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ያን ያህል ረጅም መሆኗን ግን የዚያን ቀን ነው ያየሁት።

"ዙሪ እስቲ" አለች ባለቤቴ።

ዞረች። ስትዞር ትስቅ ነበር፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ። ከዚያ መጥታ የባለቤቴን ጉልበት ሳመች።

"እማማ፣ ማን መረጠልዎት?"

"ማን ይመርጥልኛል?" አለች ባለቤቴ፣ ጮክ ብላ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። "እኔው ነኝ እንጂ!"

ትንሿ ልጅ መሽከርከሯን አቁማ የትልቋን ሱሪ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። "እኔም ለከርሞ እንደዚህ ዓይነት ነው የምፈልገው።"

"የከርሞውን እኔ አውቃለሁ" አለቻት። "አሁን ቁጭ በዪና ብዪ።"